ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የላፕቶፕ ስክሪን ቢሰበር ይቀየራል። ባትሪውም ኪቦርዱም እንዲሁ። ሃርድ ዲስኩም ቢሆን ከሱቅ ይገዛል። ውስጡ ያለው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የልጅ ፎቶ፣ የድርጅቱ ሒሳብ ግን የትም አይሸጥም። ዲስኩ አሁኑኑ እያስቸገረው ያለ ሰው ሌላውን ትቶ በቀጥታ «ምልክቱን አየሁ» ወደሚለው ጥያቄ ይውረድ።

ዲስኬ ሊበላሽ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በጆሮ ጀምሩ። በተለመደው ሃርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ የሚዞሩ ሰሃኖች አሉ። የሚያነበው ጭንቅላት ሰሃኑን አይነካውም፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በናኖሜትር የሚለካ ነው። ጤነኛ ዲስክ ዝቅ ያለና እኩል የሆነ ድምፅ አለው። «ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ» እያለ የሚደጋግም ከሆነ ግን ጭንቅላቱ ቦታውን ማግኘት አቅቶት ወደ መነሻው እየተመለሰ እንደገና እየሞከረ ነው። ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ከሆነ ደግሞ ሰሃኑ እየተፋቀ ሊሆን ይችላል። ይህን የሰማ ሰው ያኔውኑ ኮምፒውተሩን ያጥፋ።

ድምፅ የሌላቸው ምልክቶች ይበዛሉ። ትናንት ወዲያው የተከፈተ ፎልደር ዛሬ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ኮፒ ስታደርጉ ሁልጊዜ አንድ ፋይል ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። የፋይል ስሞች ወደማይነበብ ምልክት ይቀየራሉ። ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ዊንዶውስ ማንም ሳያዘው ዲስኩን ልመርምር ይላል። ኤክስተርናሉ ማንም ሳይነካው ብቅ ጥልቅ ይላል። አንዱ ብቻ ከሆነ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ሁለት ሦስቱ ከተደራረቡ ግን ለምን ሆነ እያሉ መመራመሩ ይቆይና ፋይሉ ይውጣ።

ኮምፒውተሬ ስለተንቀራፈፈ ብቻ ዲስኩ ነው ማለት ይቻላል?

አይቻልም። ራም ያነሰው፣ ዲስኩ ጢም ብሎ የሞላ፣ ቫይረስ የያዘው ኮምፒውተርም ይንቀራፈፋል። ታስክ ማናጀርን ክፈቱና የዲስኩን መስመር እዩ። ምንም ፕሮግራም ሳትከፍቱ ለረጅም ጊዜ 100 ፐርሰንት ተይዟል እያለ የሚያነበው በሰከንድ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ብቻ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ኤክስተርናል ከሆነ ከመደንገጣችሁ በፊት ኬብሉን ቀይሩ። በእውነት ቀላል ነው፣ ብዙ ሰው ግን አይሞክረውም። የዴስክቶፕ የፊት ለፊት ዩኤስቢ አንዳንዴ በቂ ኃይል አይሰጥም፤ ከኋላ ባለው ሰኩና እዩት። በሌላ ኬብልና በሌላ ኮምፒውተር ላይ በደንብ ከሠራ ዲስኩ ጥፋት የለበትም።

ፍላሼ ውስጥ ፋይሎቼ ጠፍተው ሾርትከት ብቻ ነው የማየው። ተበላሸ ማለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ይሄ ከፎቶ ኮፒ ቤትና ከኢንተርኔት ቤት የሚመጣው የሾርትከት ቫይረስ ነው። ፋይሎቹ እዚያው አሉ፤ እንዳይታዩ ተደርገው ነው። ሾርትከቶቹን አትክፈቱ። ከሁሉም በላይ «ፍላሽህ ሞቷል፣ ፎርማት ላድርገው» የሚላችሁን ሰው አትስሙ። የዘመነ አንቲቫይረስ ባለው ኮምፒውተር ላይ አጽዱትና የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ የሚያደርገውን ምርጫ አብሩ። የዊንዶውስን የራሱን ሲስተም ፋይሎች የሚደብቀውን ምርጫም ማጥፋት ያስፈልጋል፤ ቫይረሱ ፋይሎቻችሁን የሚሸሽገው በዚያ ስም ነው።

የዲስክን ጤና የሚያሳይ ፕሮግራም አለ?

አለ። ዲስኮች ስማርት የሚባል የራሳቸው መዝገብ አላቸው፤ የደረሰባቸውን ችግር እየቆጠሩ ይይዛሉ። ዊንዶውስ ላይ ይህን መዝገብ የሚያነብ ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ሰማያዊ ካሳየ ደህና፣ ቢጫ ከሆነ ተጠንቀቁ፣ ቀይ ከሆነ ዲስኩ መጥፎ ነው ማለት ነው። ማክ ላይ ዲስክ ዩቲሊቲ ውስጥ የስማርት ሁኔታው «ቬሪፋይድ» ወይም «ፌይሊንግ» ተብሎ ይጻፋል።

ሃርድ ዲስክ ከሆነ ቀለሙን ብቻ አትመኑ፤ ሦስት መስመሮችን እዩ። ቁጥር 5 ተበላሽተው በመጠባበቂያ ቦታ የተተኩ ክፍሎችን ይቆጥራል። ቁጥር 197 ማንበብ አስቸግረው ውሳኔ የሚጠብቁትን፣ ቁጥር 198 ደግሞ ጭራሽ ያልተነበቡትን ይቆጥራል። ሦስቱም ዜሮ ቢሆኑ ይመረጣል። ዜሮ ያልሆነና በየሳምንቱ የሚጨምር ቁጥር ካያችሁ ጉዳዩ አብቅቷል። ቁጥር 199 ብቻ ከሆነ የሚጨምረው ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የኬብሉ ነው። ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን ከፊደል በተቀላቀለ አጻጻፍ ስለሚያሳይ አትደናገጡ፤ 197ን C5፣ 198ን C6፣ 199ን C7 ብሎ ይጽፋል፤ የተቆጠረው መጠን ግን ከሴቲንጉ ወደ ተራ ቁጥር ይቀየራል።

መዝገቡ ግን ነቢይ አይደለም። የጉግል መሐንዲሶች ከ100 ሺህ በላይ ዲስኮችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት፣ ከሞቱት ዲስኮች ከ36 ፐርሰንት በላይ የሚሆኑት፣ ሙቀትን ሳይጨምር፣ አንድም የስማርት ምልክት ሳያሳዩ ነው የሄዱት። በሌላ በኩል፣ በፍተሻ የመጀመሪያውን ስህተት ያሳየ ዲስክ በሚቀጥሉት 60 ቀናት የመሞት ዕድሉ ስህተት ካላሳየው በ39 እጥፍ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ቀይ ሲል እመኑት። ሰማያዊ ሲል ባክአፕ አያስፈልገኝም አትበሉ።

ምልክቱን አየሁ። አሁን ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ኮፒ፣ ከዚያ ምርመራ። ሰው ፋይሉን የሚያጣው ብዙ ጊዜ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ ነው። ፋይሉ ገና ሳይወጣ አንቲቫይረስ ሲያስፈትሽ፣ ዲፍራግ ሲያደርግ፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጭን ይውላል። ዲስኩ የቀረችውን ጉልበት በዚያ ይጨርሳል።

እያጠፋችሁ አታብሩት። ለሃርድ ዲስክ መነሳት ራሱ ሸክም ነው፤ አሁን ከተነሳ በሚቀጥለው ላይነሳ ይችላል። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ ይሁን፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ፈልጉለት። በዚህ መሃል መብራት ከሄደ ነገሩ ያበቃል። ወደዚያው ዲስክ ምንም አትጻፉ፤ ፕሮግራም ዳውንሎድ አድርጎ እዚያው መጫንም መጻፍ ነው።

ከዚያ በሌላ ዲስክ ላይ ኮፒ ጀምሩ። ሲ ድራይቭን ሙሉውን ጎትቶ መውሰድ ያጓጓል፤ አታድርጉት። መጀመሪያ የማይተካው ይውጣ፦ የራሳችሁ ሰነድ፣ የሒሳብ ዳታ፣ ፎቶ። ትናንሾቹ ሰነዶች በደቂቃዎች ይጠናቀቃሉ። ቪዲዮ ይከተል። ፊልምና ሙዚቃ መጨረሻ፤ እነሱ እንደገና ይገኛሉ። አንድ ፋይል ላይ ከቆመ እልህ አትጋቡ፣ ዝለሉትና ቀጥሉ። ዊንዶውስ ጭራሽ አልነሳ ካለ ከፍላሽ በሚነሳ ኡቡንቱ ገብቶ ፋይሎቹን ማውጣት ይቻላል። አለዚያም ዲስኩን ፈትቶ በዩኤስቢ አዳፕተር ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ነው።

ሊኑክስ ለሚያውቅ ዲዲሬስኪው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ሲያወጣ በመጀመሪያ የሚነበበውን ሁሉ ይሰበስባል፤ አስቸጋሪዎቹን ቦታዎች መዝግቦ ይዞ በኋላ ይመለስባቸዋል። መሃል ላይ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። የሚታገል ዲስክ ሲያጋጥም የተሻለው መንገድ ይሄ ነው፤ ግን ምንጭና መድረሻ ዲስክን ያቀያየረ ሰው ፋይሉ ያለበትን ዲስክ በባዶው ይሸፍነዋል። ያልለመደ ሰው ለሚያውቅ ይስጥ።

ይህ ሁሉ ገና ለሚነበብ ዲስክ ነው። «ቀጭ ቀጭ» የሚል ከሆነ ግን አጥፉት። በሶፍትዌር የሚሆን ነገር የለም፤ በእያንዳንዱ ደቂቃ ሰሃኑ ላይ ጭረት ሊጨምር ይችላል።

ቼክ ዲስክ ላስኬደው?

ፋይላችሁ ሳይወጣ አታስኬዱት። ቼክ ዲስክ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣ የዲስክ መፈተሻ ነው፤ ሥራው የፋይል አደረጃጀቱን ማስተካከል ነው፤ የእናንተን ፎቶ ማዳን አይደለም። ያልገባውን ፋይል ቆራርጦ ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል። ሙሉ ፍተሻ ካዘዛችሁት ደግሞ የደከመውን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር እንዲያነብ ያስገድደዋል።

ኤስኤስዲ አይበላሽም ይባላል። እውነት ነው?

ኤስኤስዲ ፋይልን በሰሃን ሳይሆን በቺፕ ላይ የሚይዝ ዲስክ ነው፤ የሚሽከረከር ነገር የለውም። ስለዚህ ታክሲ ውስጥ መንገጫገጩንም፣ ከጠረጴዛ መውደቁንም ከሃርድ ዲስክ በተሻለ ይችለዋል። መሞት ግን ይሞታል፤ ሲሞት ደግሞ ድምፅ የለውም። ማታ ሠርቶ ያደረ ኤስኤስዲ ጠዋት ኮምፒውተሩ ጭራሽ ላያየው ይችላል፤ መቆጣጠሪያ ቺፑ ከሄደ የሚሆነው ይሄ ነው። ዕድለኛ ከሆናችሁ ራሱን ወደ ንባብ ብቻ ይቀይራል፦ ፋይል ይከፈታል፣ ሴቭ ማድረግ ግን አይቻልም። ያንን ካያችሁ ሳታጠፉት ሁሉንም አውጡ።

የመጻፍ አቅሙ ውስን ነው፤ ብዙ የ1 ቴራባይት ኤስኤስዲዎች 600 ቴራባይት ያህል እስኪጻፍባቸው ዋስትና ይሰጣቸዋል። ለቢሮ ሥራ ይሄ ብዙ ዓመት ነው። የቪዲዮ ኤዲቲንግ ስቱዲዮ ግን ቶሎ ሊጨርሰው ይችላል። ያለቀ ኤስኤስዲን ፋይል ሞልቶ መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት መተውም አይሆንም፤ ያለ ኤሌክትሪክ ዳታውን ለዘላለም አይይዝም።

አንድ ታሪክ ደግሞ አለ። ሰርቨር አምራቹ ኤችፒኢ እ.ኤ.አ. በ2019 አንዳንድ የሰርቨር ኤስኤስዲዎቹ ልክ 32,768 ሰዓት ሲሞላቸው በፈርምዌር (ዲስኩ ውስጥ ባለው የራሱ ፕሮግራም) ስህተት ቀጥ እንደሚሉ አስታወቀ። ይህም 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት ነው። አብረው የተገዙ፣ አብረው የበሩ ዲስኮች በአንድ ሰሞን ይሞታሉ ማለት ነው። «ሰርቨራችን ሬይድ አለው፣ ባክአፕ አያስፈልገንም» ለሚል፣ ማለትም አንዱ ዲስክ ቢሞት አብረው የተጣመሩት ሌሎቹ ይተኩታል ብሎ ለሚተማመን አስተዳዳሪ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ጥገና ቤት ስወስደው ምን ልበላቸው?

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «እኔ የምፈልገው ፋይሉን ነው፤ ፎርማት እንዳይደረግ።» ይህን በወረቀት ጽፋችሁ ላፕቶፑ ላይ ለጥፉት። ዕቃውን የሚቀበለውና የሚሠራው ሰው ብዙ ጊዜ ይለያያል። ብዙ ሰፈር ጥገና ማለት ፎርማት ማለት ሆኗል፤ ልጁ ክፋት ኖሮት አይደለም፣ ኮምፒውተሩ እንዲነሳ ነው የታዘዘው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ግን አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል። ኤስኤስዲ ከሆነ ትሪም የሚባለው አሠራር የተሰረዘውን ወዲያው ስለሚያጸዳው ሪከቨሪ ብዙውን ጊዜ ከንቱ ነው።

ሃርድ ዲስኩን እንከፍተዋለን ካሉ የት እንደሚከፍቱት ጠይቁ። ዲስክ የሚከፈተው አቧራ በሚጣራበት ልዩ ክፍል ነው። በጥገና ጠረጴዛ ላይ የተከፈተ ዲስክ ላይ የምታርፍ ብናኝ ከዚያ የናኖሜትር ክፍተት እጅግ ትበልጣለች። «ቦርዱን ከሌላ ተመሳሳይ እንቀይረዋለን» የሚለውም በአዳዲሶቹ ላይ እንዲሁ አይሠራም፤ እያንዳንዱ ቦርድ የራሱን ዲስክ ልክ የያዘች ቺፕ አለችው፣ እሷም አብራ መዛወር አለባት።

ሌላው ቁልፍ ነው። ብዙ ዊንዶውስ 11 ላፕቶፖች ባለቤቱ ሳያውቅ ዲስኩን ቆልፈው ነው የሚሠሩት። ዲስኩ ተፈትቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ 48 አሃዝ ያለው የቢትሎከር ቁልፍ ይጠየቃል። ብዙ ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጧል፤ ዛሬ ገብታችሁ ገልብጡት። አዳዲስ ማክቡኮች ላይ ደግሞ ዲስኩ ከቦርዱ ጋር ተበይዷል፣ ተመስጥሯልም፤ ቦርዱ ከሞተ ፈትቶ ማውጣት የሚባል ነገር የለም።

ፍሪዘር ውስጥ አስገብቼ ባወጣው ይሠራል ይባላል…

ተዉት። ሲወጣ ውስጡ እርጥበት ይቋጥራል። ሩዝ ውስጥ መቅበርም አይረዳም።

ባክአፕ ስንት ቦታ ልያዝ?

ፎቶ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስፋፋው 3-2-1 የሚባል ደንብ አለ፦ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱ ከቤት ውጭ። እኛ አገር ሲተገበር እንዲህ ይመስላል። አንዱ ቅጂ ላፕቶፑ ላይ ያለው ነው። ሁለተኛው ኤክስተርናል ዲስክ ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ፋይል ሂስትሪ፣ ማክ ላይ ታይም ማሽን ሥራውን በራሱ ይሠራል። ሦስተኛው ክላውድ ላይ ወይም ሌላ ሰው ቤት ነው። ሙሉ ቪዲዮ በሞባይል ዳታ መጫን ኪስ ያራቁታል፤ ሰነድ ግን ትንሽ ነው፣ ፎቶም በሌሊት ፓኬጅ ቀስ በቀስ ይሄዳል። ውጭ አገር ያለ እህት ወይም ወንድም ለእረፍት ሲመጣ የቤተሰቡን ፎቶ በዲስክ ገልብጦ ቢመለስ አንዱ ቅጂ ሌላ አህጉር ላይ አለ ማለት ነው፤ ከዚህ የበለጠ «ከቤት ውጭ» አይኖርም።

ኤክስተርናሉን ባክአፕ ከጨረሳችሁ በኋላ ንቀሉት። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚኖር ዲስክ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ሲመጣ አብሮ ይቆለፋል፣ መብራት ሲመታም አብሮ ይመታል።

ሁለት የሚረሱ ነገሮች አሉ። ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ የራሱን ባክአፕ ማውጣታችሁ ጥሩ ነው፤ ያንን ፋይል እዚያው ሲ ድራይቭ ላይ ካስቀመጣችሁት ግን ምንም አልሠራችሁም። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፉ ሰነዶች ካሏችሁ ደግሞ ፎንቶቹንም አብራችሁ ያዙ። ሰነዱ ተርፎ ፎንቱ ከሌለ የሚከፈተው ዝብርቅርቅ ምልክት ነው።

ጉግል ድራይቭ አለኝ። አይበቃም?

ከምንም ይሻላል። ነፃው 15 ጊጋባይት ከጂሜልና ከጉግል ፎቶስ ጋር የሚካፈል ነው፤ ሲሞላ መጫኑን ያቆማል፣ ብዙ ሰው ማስጠንቀቂያውን አያነበውም። ከኮምፒውተሩ ጋር የሚመሳሰል ፎልደር ደግሞ ጥፋቱንም ያመሳስላል። እዚህ የሰረዛችሁት እዚያም ይሰረዛል፤ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ የሚቆየው 30 ቀን ነው።

ባክአፔ እንደሚሠራ በምን አውቃለሁ?

ፋይል መልሳችሁ በማውጣት ብቻ። ጊትላብ የሚባለው ታዋቂ የሶፍትዌር ድርጅት በጥር 31 ቀን 2017 በፈረንጆች አንድ ሠራተኛው በስህተት የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች ሰረዘ። ድርጅቱ አምስት ዓይነት መጠባበቂያ ነበረው፤ ሲፈተሹ አንዱም እንደታሰበው አልሠራም። ያዳነው ከ6 ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ የተወሰደ ቅጂ ነበር። የባለሙያ ድርጅት እንዲህ ከሆነ፣ የእኛ «ባክአፕ አለኝ» ይፈተሽ። በየጥቂት ወሩ አንድ ሰነድና አንድ ፎቶ ከባክአፑ አውጥታችሁ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱ።

2 ቴራባይት ፍላሽ በርካሽ አገኘሁ። ለባክአፕ ይሆነኛል?

ዋጋው ካስገረማችሁ ውሸት ነው። በእነዚህ ፍላሾች ውስጥ ያለው ትክክለኛ ቦታ ጥቂት ጊጋባይት ሆኖ ኮምፒውተሩን 2 ቴራ ነኝ ብለው የሚያታልሉ ብዙ ናቸው። ክፋቱ ኮፒው «ተጠናቀቀ» ማለቱ ነው። የፋይሉ ስም ይታያል፤ ሲከፈት ባዶ ነው ወይም ተበላሽቷል። ኤችቱቴስትደብሊው የሚባል ነፃ ፕሮግራም ፍላሹን ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነቱን ያወጣል። ከመግዛታችሁ በፊት የመመለስ መብት እንዳላችሁ ተነጋገሩ።

መብራት መቆራረጡ ዲስክ ያበላሻል?

አዎ፣ በተለይ ዴስክቶፕ ላይ። እየጻፈ ሳለ ኃይል ሲቋረጥበት ፋይሉ ግማሽ ሆኖ ይቀራል፤ አንዳንዴ የፋይል አደረጃጀቱ በሙሉ ይናጋል። መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚኖረው የኃይል መለዋወጥም ያሰጋል። ስታብላይዘር መለዋወጡን ያስተካክላል እንጂ መጥፋቱን አይሸፍንም፤ ዴስክቶፕን በሥርዓት ለማጥፋት ጊዜ የሚሰጠው ዩፒኤስ ነው። የዩፒኤሱ ባትሪም ያረጃል። ላፕቶፕ በራሱ ባትሪ ስለሚቆይ ደህና ነው፤ ባትሪው የሞተበት ላፕቶፕ ግን ከዴስክቶፕ አይለይም።

የሞተውን ዲስክ ምን ላድርገው?

ለእናንተ አልነበብ ቢልም ለሌላ ሰው ሊነበብ ይችላል። የሚሠራ ሃርድ ዲስክ ከሆነ ከመሸጣችሁ በፊት ፈጣኑን ሳይሆን ሙሉውን ፎርማት አድርጉ። ኤስኤስዲ ከሆነ የአምራቹን ማጥፊያ ፕሮግራም ተጠቀሙ። የማይሠራውን ሃርድ ዲስክ ሰሃኖቹን በድሪል ብሱ፤ የኤስኤስዲውን ቺፖች አንድ በአንድ ስበሩ። ዋስትናው ያላለቀ ከሆነ ደረሰኙን ፈልጉ፦ ምትክ ይሰጣሉ፣ አሮጌውን ግን መልሱ ይላሉ። የደንበኞች መረጃ ባለበትና ባልተመሰጠረ ዲስክ ይህን ልውውጥ ባታደርጉት ይሻላል፤ ምትኩን ትታችሁ ወደ ድሪሉ ሂዱ።